ከበረት እስከ ማሳ፦ የከብት ፍግን በደሴና በኮምቦልቻ ኮምፖስት ማድረግ

በደሴ ዙሪያም ሆነ ሐረጎን ወርዳችሁ በኮምቦልቻ በኩል ቃሉ ወረዳ ብትገቡ፣ ከበረቱ ጎን የፍግ ክምር የሌለው የገበሬ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ክምሩ አለ። ኮምፖስት የሆነው ግን ጥቂት ነው። ክረምቱን ዝናብ ሲያጥበው፣ በጋውን ፀሐይ ሲያደርቀው ይከርማል። ማሳ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ኃይሉ አልቋል። ያ ኃይል የት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚያዝ ነው ዛሬ የማብራራው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ስለ ኮምፖስት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ጉድጓዱ ላይ ነው፤ ስንት ሜትር ይቆፈር፣ ስንት ድርብርብ ይኑረው። ትልቁ ብክነት የሚደርሰው ግን ፍጉ ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ፣ እዚያው በረት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከበረት እንጀምር።

ሽንቱን ማን ይይዘዋል?

ከብት ከሚበላው መኖ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን፣ ማለትም ሰብልን የሚያሳድገው ዋናው ንጥረ ነገር፣ አብዛኛው በእበትና በሽንት ተመልሶ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሽንት የሚወጣ ነው። ድርሻው እንደ መኖው ይለያያል። ጭድና አገዳ ብቻ በምትበላ ላም ዝቅ ይላል፤ ፉርሽካና ፋጉሎ በምታገኝ የወተት ላም ከግማሽ ያልፋል። ፖታሲየሙም በብዛት ያለው ሽንቱ ውስጥ ነው። ፎስፎረሱ ደግሞ በእበቱ ይወጣል። እንግዲህ እበቱን በአካፋ ሰብስቦ ሽንቱን ለመሬት የሚተው ሰው፣ ከሀብቱ ግማሽ የሚጠጋውን ትቶ ነው የሚወጣው።

በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጂን በአብዛኛው ዩሪያ ነው። በከረጢት የምንገዛው ያው ዩሪያ ማለት ነው። ከእበት ጋር ሲነካካ በሰዓታት ውስጥ ወደ አሞኒያ መለወጥ ይጀምራል። ጠዋት የበረት በር ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥለው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ እሱ ነው። ሽታው በበረታ ቁጥር ወደ አየር የሚሄደው ማዳበሪያ በዝቷል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሽንቱን የሚጠጣ ነገር ከከብቱ ሥር ማንጠፍ። ለአንድ ከብት በየማታው ሁለት ሦስት ኪሎ ደረቅ ነገር ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ገበሬ "ጭድማ ለከብቱም አልበቃ" ይላል፤ እውነቱን ነው። የጤፍ ጭድ መኖ ነው፣ ለግድግዳ ጭቃም ይፈለጋል፣ ገበያም ያወጣል። ማንም ሰው ጥሩ ጭድ ከእግር ሥር ያንጥፍ አልልም። የሚነጠፈው ከብቱ ራሱ ሳይበላው የተረፈው ነው፤ የማሽላው አገዳ ጉንድሽ፣ የባቄላና የአተር ገለባ፣ የደረቀ ሣር፣ ከዛፍ ሥር የተጠረገ ቅጠል። ከተማ ውስጥ ላም ለሚያረቡ ደግሞ ከእንጨት ሥራ ቤት የሚወጣ ሰጋቱራ አለ። ይህም ከጠፋ ደረቅ አፈር ይበተን። አፈሩ ሽንቱን ይዞ አብሮ ክምሩ ውስጥ ይገባል።

የሲሚንቶ ወለል ያላችሁ ወለሉን ትንሽ አዘንብላችሁ፣ ሽንቱ በቦይ ወደ አንድ ባልዲ ወይም ጉድጓድ እንዲወርድ አድርጉ። የተጠራቀመውን ሽንት በየቀኑ ክምሩ ላይ አርከፍክፉት። ክምሩ ለማንኛውም ውሃ ይፈልጋል፤ ከቧንቧ ውሃ ይልቅ ይህ ይሻለዋል።

እበት ብቻውን ለምን አይበሰብስም?

እበት ለብቻው ተቆልሎ ስድስት ወር ቆይቶ ሲገለጥ ከላይ የደረቀ ቅርፊት፣ ከሥር ግን ያልተለወጠ አረንጓዴ እበት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ኮምፖስት አይሠራም" ብሎ ይተወዋል። የሆነው ነገር ግን በሂሳብ ይታያል።

ከ100 ኪሎ እርጥብ እበት 80 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። 50 ኪሎ ብትይዙ 40 ኪሎ ውሃና 10 ኪሎ ደረቅ ነገር ይዛችኋል። ፍጉን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች በደንብ የሚሠሩት ከክምሩ ክብደት ከ50 እስከ 60 በመቶው ውሃ ሲሆን ነው። ውሃው 80 በመቶ ሲሆን አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይዘጋል። ያን ጊዜ አየር የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች ቦታውን ይረከባሉ። እነሱ ሥራቸው ዝግተኛ ነው፣ ክምሩንም አያሞቁትም። የሚወጣው የበሰበሰ እንቁላል ሽታና ሚቴን የተባለው ጋዝ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የካርቦንና የናይትሮጂን ሚዛን ነው። ባክቴሪያዎቹ ለ1 እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ በፍጥነት ይሠራሉ። የከብት እበት 20 ገደማ ነው ያለው፤ ስለዚህ ናይትሮጂኑ ተርፎት በአሞኒያ መልክ ያመልጣል። ጭድና አገዳ ደግሞ ከ60 በላይ ነው፤ ለብቻው ከሆነ ዓመትም አይበቃው።

አሁን ሁለቱን አብረን እናስላ። የካርቦኑን ጉድለት ብቻ ለመሙላት ለ50 ኪሎ እርጥብ እበት 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ ጭድ ይበቃል። ውሃውን ወደ 60 በመቶ ለማውረድ ግን ከ17 እስከ 20 ኪሎ ያስፈልጋል። ልዩነቱን አያችሁት? እርጥብ እበት ላይ ጭድ የምንጨምርበት ዋናው ምክንያት ውሃው ነው። ይህ ከገባችሁ "ስንት ልጨምር?" የሚለውን ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ። ፀሐይና ነፋስ በሚያደርቀው የኮምቦልቻ በጋ 12 ኪሎም ይበቃል። በደሴ ክረምት 20ም ሊያንስ ይችላል።

ሚዛን ለሌለው በቅርጫት ልናገር። ለአንድ ቅርጫት እበት ሦስት ወይም አራት ቅርጫት ያልተጠቀጠቀ፣ የተከታተፈ ደረቅ ነገር። አገዳው ከጣት ርዝመት ብዙ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሙሉ አገዳ ከጣላችሁ በሚቀጥለው ዓመትም አገዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከደረቁና ከእበቱ ሌላ እርጥብ ቅጠል ቢገባ ሥራውን ያፋጥነዋል። በአካባቢያችን ብሳናና ግራዋ በቀላሉ ይገኛሉ፣ ቶሎም ይበሰብሳሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ባይበዛ ይመረጣል፤ ዘይቱ ባክቴሪያዎቹን ያዳክማል። ከተማ ውስጥ በየሰፈሩ የሚጣለው የጫት ገረባ ተከትፎ ይገባል፤ ግን ጫቱ ላይ ምን መድኃኒት እንደተረጨ የማይታወቅ ከሆነ ለአትክልት በሚሆን ኮምፖስት ውስጥ ባታስገቡት እመርጣለሁ። ፌስታልና ጠርሙስ ከከተማ ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ ማሳ ከገባ ለልጅ ልጅ ይቆያል፤ ለቀማው ከመክመር በፊት ነው የሚሠራው።

ደሴ ክምር፣ ኮምቦልቻ ጉድጓድ

ሁለቱ ከተሞች በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚራራቁት፤ ከፍታቸው ግን ሌላ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ይህ የከፍታ ልዩነት በኮምፖስት አሠራር ላይ ከምንም በላይ ለውጥ ያመጣል። አንድ ዓይነት መመሪያ ለሁለቱም ሲሰጥ ስሰማ የማዝነው ለዚህ ነው።

ኮምቦልቻና ቆላው ወገን በበጋ ችግሩ መድረቅ ነው። እዚያ ጉድጓድ ያዋጣል። 1 ሜትር ገደማ ጥልቀት፣ 1 ሜትር ተኩል ስፋት፣ ርዝመቱ እንደ ፍጋችሁ ብዛት። መሬቱ እርጥበቱን ይይዝላችኋል። ዛፍ ጥላ ሥር ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ያ ጉድጓድ ኩሬ ይሆናል። በተለይ ሜዳው ላይ አፈሩ ጥቁር ዋልካ በሆነበት ቦታ ውሃው አይሰርግም፤ ኮምፖስቱ ውስጡ ይሰምጣል። ስለዚህ የጉድጓዱ ኮምፖስት ከሰኔ በፊት ወጥቶ ማለቅ አለበት።

በደሴ፣ በኩታበር፣ በአልብኮ ከፍታ ደግሞ ችግሩ ብርድና ውሃ ነው። እዚያ ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል። ክምሩ ሙቀት እንዲይዝ ቁመቱም ስፋቱም ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ሲልም 1 ሜትር ተኩል መሆን አለበት። ትንሽ ክምር በደጋ ብርድ ሙቀቱን ሌሊቱን አሳልፎ ይሰጣል። ሁለት ሦስት ጎረቤት ፍጋቸውን አንድ ላይ ቢከምሩ አንድ በአንድ ከሚለፉ ይልቅ ቶሎ ይደርስላቸዋል፤ ደቦውም ለማገላበጡ ይረዳል።

አሠራሩ ለሁለቱም አንድ ነው። ከሥር ወፍራም አገዳና ጭራሮ፣ አየር እንዲያስገባ። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ፣ ቀጥሎ እርጥብ ቅጠል፣ ቀጥሎ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እበት ከሽንት ከራሰው ንጣፍ ጋር። እላዩ ላይ አንድ ሁለት እፍኝ አመድና ትንሽ አፈር። አመድ አይብዛ፤ ሲበዛ አሞኒያውን ያባርረዋል። እንዲህ እየደጋገማችሁ ወደ ላይ ውጡ። መሐሉ ላይ አንድ ረጅም ወፍራም እንጨት አቁማችሁ ዙሪያውን ከምሩ፤ በኋላ ሲነቀነቅ የአየር መግቢያ ይሆናል። መጨረሻ ላይ በሣር፣ በቅጠል ወይም በአሮጌ ሸራ ይሸፈን።

ሽፋኑን አደራ እላለሁ። በአንድ ክረምት ዝናብ ያልተሸፈነ ክምር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ናይትሬቱንና ፖታሲየሙን አሟሙቶ ይወስዳል። ከክምር ሥር የሚፈሰውን ቡናማ ውሃ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ ፈሳሽ የሚወርደው ወደ ጓሮ ጉድጓዳችሁ ወይም ወደ ቦርከና ወንዝ ነው፤ ማሳችሁ ጋ አይደርስም። ክምሩ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ራቅ ያለ፣ ጎርፍ የማያልፍበት ቦታ ይሁን።

ሙቀቱ ምን ይሠራል?

በትክክል የተከመረ ፍግ ከጥቂት ቀናት በኋላ መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ባክቴሪያዎቹ ሲበሉ የሚያወጡት ሙቀት ነው። ይህን ሙቀት ቶሎ የማብሰል ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚያዩት አሉ። ለእኛ አካባቢ ግን ከዚያ የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ አረም ይገድላል።

አቀንጭራን የማያውቅ የማሽላ ገበሬ የለም። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ትሰጣለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከብት አቀንጭራ ያለበትን መኖ ሲበላ ዘሩ በሆዱ አልፎ፣ ሳይሞት በእበት ይወጣል። ያን እበት ጥሬውን ማሳ ላይ የበተነ ሰው አቀንጭራን በእጁ ዘራ ማለት ነው። ቅንጨ አረምም በየመንገዱ ዳር፣ በየሜዳው የተስፋፋ ችግራችን ነው። ሳያብብ ከታጨደ ጥሩ እርጥብ ቅጠል ይሆናል። በእጅ ስትነቅሉት ግን ቆዳ ያሳክካል፤ ጓንት ወይም ፌስታል አድርጉ። አበባ ካወጣ በኋላ በደንብ ወደሚሞቅ ክምር ካልሆነ አታስገቡት።

ዘሩም ሆነ በእበት ውስጥ ያለው የሆድ ትላትልና በሽታ አምጪ ባክቴሪያ እንዲሞት 55 ዲግሪው ለተከታታይ ቀናት መቆየት አለበት። የሚሞቀው ደግሞ መሐሉ ነው። ዳር ያለው ሳይሞቅ ይቀራል። ማገላበጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የዳሩ ወደ መሐል፣ የመሐሉ ወደ ዳር። በመንሽ ቢሆን ይቀላል። ከመጀመሪያው ማገላበጥ በኋላ ክምሩ እንደገና ይሞቃል፤ አየር አግኝቷልና። በየሦስት በየአራት ሳምንቱ ማገላበጥ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ኮምፖስት አየር ስለሚያጥረው የክምሩን ያህል አይሞቅም። ስለዚህ ዘር ያፈራ አረም ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በአባ ሰንጋ የሞተ ወይም ይጠረጠራል የተባለ ከብት አካሉም፣ ደሙም፣ የተኛበት ንጣፍም ክምር ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ። የአባ ሰንጋ ተሕዋስ የኮምፖስት ሙቀት አይገድለውም፤ አፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ይቆያል። አትክፈቱት፣ ሥጋውን አትንኩ፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ።

በዱላ መመርመር

ቴርሞሜትር አያስፈልግም። አንድ ረዘም ያለ ዱላ እስከ መሐል ሰክታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ስታወጡት ጫፉ እጅ ላይ የሚያቃጥልና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ሞቃትና ደረቅ ከሆነ፣ ነጭ ሻጋታም ካለበት፣ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቃዛ፣ እርጥብና የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል፤ ገልብጣችሁ ደረቅ ነገር ጨምሩ። ቀዝቃዛ ሆኖ ሽታ ከሌለው ወይ ደርሷል፣ ወይ እበት አንሶታል።

ውሃውን በእጅም ማወቅ ይቻላል። ከመሐል አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጨብጡት። አንድ ሁለት ጠብታ ቢወጣ ልክ ነው። ከጣት መሐል ከፈሰሰ በዝቷል። ሲለቁት ከተበተነ አንሷል። የምታጠጡት ውሃ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ ውሃ ባይሆን ይሻላል፣ በተለይ ኮምፖስቱ ለሰላጣና ለቲማቲም ከታሰበ።

በኮምቦልቻ ሙቀት ከ3 እስከ 4 ወር፣ በደሴ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። የደረሰ ኮምፖስት ጠቆር ያለ፣ የሚፈረፈር፣ የዝናብ አፈር የሚሸት ነው። መጠኑም ወደ ግማሽ ይወርዳል። እበቱ እበት፣ ጭዱ ጭድ መሆኑ የሚለይ ከሆነ አልደረሰም። ያልደረሰ ኮምፖስት ማሳ ሲገባ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ለመጨረስ ከአፈሩ ናይትሮጂን ይወስዳሉ፤ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ገበሬውም ኮምፖስት ሰብል ያከሳል ብሎ ይደመድማል።

ኩበቱስ?

ይህን ሳያነሱ ስለ ፍግ ማውራት አይቻልም። በደጋው ወገን እበት ማገዶ ነው። ኩበት የምትጠፈጥፈው እናት ቤቷ እንጀራ ልትጋግር፣ የተረፈውንም ደሴ ገበያ ሸጣ ጨውና ዘይት ልትገዛ ነው። "እበቱን ለማሳ ተዉት" ማለት የሚቀለው ጋዝ ላይ ለሚያበስል ሰው ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጂኑ በሙሉ ማለት ይቻላል በጭስ ይሄዳል። ፎስፎረስና ፖታሲየሙ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ የኩበት አመድ መጣል የለበትም። እኔ የሚታየኝ መንገድ የማገዶውን ፍላጎት መቀነስ ነው። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የተረፈው እበት ወደ ክምሩ ይሄዳል። ባዮጋዝ ያላቸው ቤቶች ደግሞ ሁለቱንም ያገኛሉ፤ ጋዙ ይነዳል፣ ዝቃጩ ከደረቅ ነገር ጋር ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል። ሽንት የጠጣው ንጣፍ ግን ለኩበት አይሆንም፤ እሱን ከዛሬ ጀምሮ ለኮምፖስት መያዝ ከማንም ማገዶ አይወስድም።

ለስንት መሬት ይበቃል?

አንድ የአገራችን ከብት በቀን ከ8 እስከ 12 ኪሎ እርጥብ እበት ይጥላል። ግማሹን በግጦሽ መሬት ነው የሚጥለው። በረት ውስጥ 5 ኪሎ ቢገኝ በዓመት ከ1,800 ኪሎ ያልፋል። አራት ከብት ያለው ቤት ንጣፉና ቅጠሉ ተጨምሮ፣ ከብስባሴው በኋላ፣ በዓመት ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ኮምፖስት ሊያገኝ ይችላል። ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ5 እስከ 10 ቶን ነው። እንግዲህ 3 ቶኑ በ10 ቶን ሂሳብ ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር ገደማ) ይበቃል፤ ትንሽም ይተርፋል።

ስለዚህ ኮምፖስቱን በሁሉም ማሳ ላይ እንደ ጨው አትበትኑት። በየዓመቱ አንድ ጥማድ እየመረጣችሁ በደንብ ስጡት፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላው እለፉ። በኮምፖስት ውስጥ ያለው ናይትሮጂን በመጀመሪያው ዓመት ሩብ ገደማው ነው ለሰብሉ የሚደርሰው። የቀረው በቀጣዮቹ ዓመታት ቀስ እያለ ይለቀቃል። ውሃ መያዙ፣ የአፈሩ መላላትም እንዲሁ ይቆያል።

ዩሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል ወይ ለሚሉኝ፣ አንድ ከብት በረት ውስጥ በዓመት ከሚጥለው እበት ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል። ሽንቱ ሲጨመር ከፍ ይላል። ከብት ላነሰው ቤት ሁለቱን ማጣመር፣ ኮምፖስት ባገኘው ጥማድ ላይ የከረጢቱን ማዳበሪያ መቀነስ፣ ያዋጣል። በቂ ፍግና ቅጠል ባለበት ግን ኮምፖስት ብቻውንም ይችላል። የዕፅዋት ሳይንቲስቶቹ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሥራ ኮምፖስት ያገኙ ማሳዎች የከረጢት ማዳበሪያ ካገኙት ጋር የሚስተካከል፣ በብዙ ቦታም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጡ አሳይቷል። ትግራይ የቻለው አፈር ወሎ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ተዳፋት መሬት ላይ ግን ቅድሚያ እርከኑ ነው። ከደሴ ብዙ በማይርቀው ማይባር ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካ ቆይቷል፤ ጎርፉ ቀድሞ የሚወስደው የላይኛውን፣ ኮምፖስት የሚገባበትን አፈር ነው። እርከን በሌለው ዳገት ላይ የተበተነ ኮምፖስት ከሐምሌ አያልፍም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቅጠሉ እርጥብ፣ አረሙም ብዙ የሆነበት መስከረምና ጥቅምት ለመጀመሪያው ክምር ምርጡ ወቅት ነው። በኮምቦልቻ ያ ክምር ጥር ላይ ይደርሳል፤ ለሚያዝያ ማሽላ እስኪፈለግ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ይቆይ። ከአጨዳ በኋላ በታኅሣሥ የተሠራው ሁለተኛው ለጤፍ ይደርሳል። በደጋው ለበልግ ገብስ የታሰበ ኮምፖስት ነሐሴ መጨረሻ ላይ መጀመር አለበት፤ ብርዱ ያዘገየዋልና። ማሳ ላይ ስታወጡት በማለዳ ወይም ወደ ማታ አካባቢ አውጡት፤ በዚያው ቀን ታርሶ አፈር ውስጥ ይግባ። ለጤፍ ከመጨረሻው እርሻ በፊት፣ ለማሽላና ለበቆሎ በመስመሩ ውስጥ፣ ለቲማቲምና ለጎመን ደግሞ በየጉድጓዱ ሁለት እፍኝ እያደረጋችሁ ከአፈር ጋር አደባልቁ።